ከግቢው ወርዶ እማማ ውዱ ሳሎን የሚገባው ጎርፍ

ይችን ያጫወተችኝ ሰልዋ ናት... ሰኞ ገበያ ቅመም የምትሸጠዋ፣ ኮምቦልቻ እያደረች የምትመላለሰዋ። በዓይኔ ያየሁት ነው ብላ ምላልኛለች።

«እናቴ፣ እባክዎ ጆንያዎቹን ያንሱልኝ...»

«አላነሳም!»

«ግንቡ ይናድብዎታል እኮ።»

«ይናድ! እናንተ ፎቅ በፎቅ ላይ ስትከምሩ ውሃው የት ይግባ ብላችሁ ነበር? እኔ ሳሎን?»

እማማ ውዱ ናቸው። ደሴ ውስጥ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ግንብ ሥር ብቻቸውን የሚኖሩ።

ግቢው በየዓመቱ ሕንፃ ይጨምራል። የጣሪያው ውሃ ደግሞ በግንቡ ቀዳዳ ወጥቶ ቀጥታ እሳቸው ቤት ይገባል።

አምና ፍራሻቸውን አበስብሶ፣ የዓመት እህላቸውን ይዞባቸው ሄደ። ቤቱ የጭቃ ነው... ሌላ እንዲህ ያለ ክረምት ቢመጣበት አይቆምም።

ስለዚህ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር አፈር በጆንያ ሞልተው ቀዳዳውን ጥርቅም!

ውሃው ወደ ኋላው ተመለሰና የሴት ተማሪዎች ዶርም ገባ። ልጆቹ ጫማቸው ሲንሳፈፍ ነው አሉ የነቁት።

ሊያናግራቸው የመጣው ሙንዚር ነበር፣ የግቢው ኢንጂነር። እማማ ፖሊስ ይዞ ይመጣል ብለው መቀነታቸውን አጥብቀው ነበር የጠበቁት።

እሱ ግን ሳቅ አለና...

«እውነትዎን ነው» አላቸው።

እማማ ያጠበቁትን መቀነት ላላ አደረጉ። እሱም ቀጠለ...

«ድሮ እዚህ ሣር ነበር፤ መሬቱ ዝናቡን ይጠጣ ነበር። አሁን ቆርቆሮና ኮንክሪት አለበስነው። ዝናቡ አልጨመረም እናቴ... መሬቱ ነው መጠጣት ያቆመው። እርስዎ ሲዘጉት ልጆቹ ጋ ይገባል፣ እኛ ስንከፍተው እርስዎ ጋ። እዚያው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ልፈልግለት።»

«ወሬ!» አሉ እማማ። ጆንያዎቹን ግን አነሱ። «ለልጆቹ ስል ነው፤ ላንተ እንዳይመስልህ!»

ብዙም ሳይቆይ ቁፋሮ ተጀመረ። ግቢው ውስጥ ረባዳው ላይ ሰፊ ጉድጓድ... ዙሪያውን ሣር፣ ከየሕንፃው ወደሱ የሚወስድ በድንጋይ የተነጠፈ ቦይ።

ሰፈሩ አላገጠ።

«ዓሣ ሊያረቡ ነው!»

«ኧረ የሀብታም ልጆች መዋኛ ነው!»

እማማ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሙንዚርን መንገድ ላይ ይጠብቁታል። «ኢንጂነሩ! የዋና ልብስ ልግዛ ወይ?»

«ኢንሻአላህ ሳይረጥቡ ክረምቱ ይወጣል» ይላቸዋል።

ሐምሌ ገባ።

ያ የደሴ ዝናብ አንድ ከሰዓት ወረደ ነው የምላችሁ... እማማ አልጋቸውን በድንጋይ ከፍ አድርገው፣ እህላቸውን ጠረጴዛ ላይ ከምረው፣ በሩን እያዩ ቁጭ አሉ።

ጠበቁ...

አሁንም ጠበቁ...

ውሃ የለም!

ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡና ወደ ግንቡ ጮኹ። «አንተ ሞላ! ውሃው የት ገባ?»

ሞላ የግቢው ዘበኛ ነው። «ኩሬው ውስጥ ተኝቷል እማማ! ቀስ እያለ ይሰርጋል!»

እማማ ዝናብ ላይ ቆመው ብቻቸውን እልል አሉ።

በዚያው ሳምንት የገብስ ጭኮ በቅቤ ለውሰው፣ ሰልዋን መንገድ መሪ አድርገው ኮምቦልቻ ወረዱ። የሙንዚርን ቤት ሊመርቁ።

የጠበቀቻቸው አንዲት የኪራይ ክፍል ናት። ሚስቱ ፋኢዛ፣ የደረሰች ነፍሰ ጡር፣ ከሙቀቱ የተነሳ በካርቶን ራሷን ታራግባለች።

«ቤታችሁን ልመርቅ መጣሁ ልጄ።»

«የትኛውን ቤት እማማ?»

«ይህንኑ ነዋ!»

«ይህማ የሰው ነው። የኛ ቤት እርስዎ ሰፈር ነው... ኩሬው ውስጥ!»

ለካ ያ ረባዳ ለሠራተኞች መኖሪያ የተመደበ መሬት ኖሯል! ዘንድሮ እዚያ ቤት የማግኘት ተራው የሙንዚር ነበር። ፋኢዛ ደሴ ገብቼ እወልዳለሁ ብላ ዕቃዋን አስራ ትጠብቃለች። ያ ሁሉ ውሃ ሊያርፍበት የሚችል ዝቅ ያለ ቦታ ግን እሱ ብቻ ሆነ... ሙንዚርም በገዛ አፉ ለቀቀ።

እማማ ወደ ፋኢዛ ዞሩ። «እና እኔ... ጎርፌን ከቤቴ አውጥቼ ያንቺ ቤት ከተትኩት?»

«እርስዎ ምን አጠፉ እማማ? እሱም ቢነግረኝ እሺ እል ነበር፤ ወላሂ እል ነበር! የሰማሁት ግን ከጎረቤት ነው።»

ሙንዚር በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። «እምቢ ትላለች ብዬ ፈራሁ» አለ።

«ባታውቀኝ ነዋ!»

እማማ ጭኮውን ፋኢዛ ጭን ላይ አስቀምጠው አለቀሱ። ፋኢዛም አለቀሰች። ሰልዋማ እስካሁን ስታወራው ታለቅሳለች።

አያችሁ ወገኖቼ... ጎርፍን ወደ ጎረቤት መግፋት ሁላችንም እናውቅበታለን፤ «እኔ ጋ ይረፍ» የሚል ነው የጠፋው። ቢሆንም ከቤት ሰው ጋር ያልተመከረበት ደግነት ደጅ አድርቆ ጓዳ ያረጥባል።

ዶርሙ ደርቋል። እማማ ውዱ እዚያው ቤታቸው ናቸው። ፋኢዛ በዚያችው በኪራይ ክፍል ሴት ልጅ ወለደች። የሙንዚር የቤት ተራ ወደ መጨረሻ ተገፍቷል፤ አሁንም ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ ይመላለሳል።

እናንተ በፋኢዛ ቦታ ብትሆኑ ይቅር ትሉት ነበር? እስቲ ሳትደብቁ ከታች ጻፉልኝ 👇