በጋቢ የተጠቀለለው ብልቃጥ

ከልጄ ከምንተስኖት የአንጀት ካንሰር የተቆረጠ ቅንጣት ሳሎናችን ውስጥ፣ በብልቃጥ ይኖራል። ሐኪሞቹ የዕጢውን ዘረመል አንብበው አራት መድኃኒት መረጡ፤ የትኛው እንደሚገድለው ግን የሚሞከረው ቤት ነው። አሁን የሁሉም ሕመምተኛ ሕክምና እንዲህ ሆኗል። መድኃኒቱ ሳይለይ ቅንጣቱ በሌላ ምክንያት ከሞተ ልጄ ተስፋ የለውም። ስለዚህ የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳይገድልብኝ በራሴ ጋቢ ጠቅልዬ፣ ጠዋትና ማታ ምግቡን አንጠባጥብለታለሁ፤ መድኃኒቶቹንም በየተራ እሞክርበታለሁ።

«እማዬ፣ ከእኔ አስበልጠሽ ወደድሽው እኮ» ይለኛል።

«ዝም በል፣ አንተ!»

ዛሬ ጠዋት ጋቢውን ስገልጥ ቅንጣቱ ጠቁሯል። ብርድ ገደለው ብዬ ለሆስፒታሉ ነርስ ደወልኩ።

«ሙቀቱ አልወረደም፣ እናቴ» አለች ብልቃጡ የሚልክላትን የሙቀት መዝገብ አይታ። «ትናንት ስንተኛውን መድኃኒት ጨመሩበት?»

«ሦስተኛውን።»

«እልል ይበሉ! ተገኘ ማለት ነው። ዛሬውኑ ለልጅዎ ይጀምሩለት።»

ስልኩን ዘግቼ ሦስተኛውን መድኃኒት አነሳሁ። ወር ሙሉ ስሳሳለት የከረምኩትን ነገር በአንድ ሌሊት ያከሰለውን መድኃኒት፣ በገዛ እጄ ልጄን ላጠጣው ነው። ምንተስኖት እየሳቀ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ።

«መጀመሪያ ቁርስህን ብላ» አልኩት።