አምስተኛው መስመር

ስክሪኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደርሷል፤ ውሃው ከእግሩ ሥር እየጨመረ ነው። የማሽኑን ዱላ ወደ ላይ እገፋለሁ፤ በላብ የራሰው መዳፌ ያዳልጠኛል። በር ላይ የቆመው የጭነት መኪና ሞተሩን አላጠፋም። ሹፌሩ በአንዲት ሴት ምክንያት እስከ መቼ እንደሚገተር ጋሼን እየጠየቃቸው ነው።

ጋሼ የጌም ቤቱ ባለቤት ናቸው። ቤቱ ዛሬ ይዘጋል፤ ማሽኖቹ ሁሉ ተጭነው ይሄ ብቻ ቀርቷል። ጋሼ አንድ ሕግ አላቸው፤ ሰው እየተጫወተበት ያለ ማሽን አይነቅሉም። ቤቱ በእሳት ቢያያዝ እንኳ መጀመሪያ "ጨርስና ውጣ" ነው የሚሉት እያለ ወንድሜ ይቀልድባቸው ነበር። የመጨረሻዋን ቶክን፣ የማሽኑን መጫወቻ ሳንቲም፣ እጄ ላይ አስቀምጠው፣ እሷ ስታልቅ ሶኬቱን እንደሚነቅሉ ነገሩኝ።

ሲነቀል የወንድሜ ስም ይጠፋል። ይሄ ማሽን ኤሌክትሪክ ከተቋረጠበት የማንንም ስምና ነጥብ አያስታውስም። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ጋሼ አንድም ቀን አጥፍተውት አያውቁም፤ እንደበራ ያድራል።

እናቴ መንገድ ላይ ናት። ጌም ቤት ሲባል ፊቷ የሚጠቁር ሴት ነበረች፤ ልጇ በሕይወት እያለ አንድም ቀን እዚህ ደጃፍ አልደረሰችም። ዛሬ ጠዋት ቤቱ እንደሚዘጋ ስነግራት፣ ከስፌት ቤት አስፈቅዳ እንደምትመጣ ነገረችኝ። በፊት በስልኬ ያነሳሁትን የስሙን ፎቶ ባሳያት ስልኩን ወዲያ ገፋችው። "ፎቶማ ሞልቶኛል። እጁ የነካውን ነው ማየት የምፈልገው" አለች።

ይሄንኑ ግንብ የመውጣት ጨዋታ እኛ ቤት፣ ከቴሌቪዥን ጋር በሚገናኘው ጌም፣ ስንቴ ጨርሼዋለሁ። ወንድሜ ግን "ያንቺኛው የተገራ በቅሎ ነው" እያለ ያበሽቀኝ ነበር። እውነቱን ነው። የቤታችን ጌም የሌሊት ወፎቹ ሲበዙበት ራሱ ይንቀረፈፋል፣ ለተጫዋቹ ትንፋሽ ይሰጣል፤ የወደቀውንም ከወደቀበት ያነሳል። ይሄኛው ምሕረት የለውም። ወፎቹ በበዙ ቁጥር ይብስበታል፤ ከወደቁ ደግሞ አለቀ።

ሰውዬው ፋኖስ ይዟል፤ ፋኖሱ ጋዝ ይፈልጋል። ነጥብ የሚገኘውም የጋዝ ጠርሙሶቹን በማንሳት ብቻ ነው። አንዱን አነሳሁ። ሌላም አነሳሁ። ድንገት ስክሪኑ አናት ላይ ያለውን ነጥቤን ሳየው ክው አልኩ፤ ወንድሜን ልደርስበት ነው።

የቤታችን ጌም የነጥብ ሰንጠረዥ ረጅም ነው፤ የሱም የኔም ስም አንድ ላይ ተደርድሮ ይኖራል፣ ማንም ማንንም አይገፋም። ይሄ ማሽን የሚይዘው አምስት ስም ነው፤ ወንድሜ አምስተኛው ነው። ይህንን አጥቼው አይደለም። ግን እዚህ ማሽን ላይ ሁለተኛውን ፎቅ አልፌ አላውቅም፤ እበልጠዋለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። አሁን አንድ ጠርሙስ ብጨምር ስሙን በገዛ እጄ ልፍቀው ነው። ካልጨመርኩ ፋኖሱ ይጠፋል፤ የቤታችን ጌም ላይ ፋኖሱ ከጠፋ ሰውዬው እዚያው ይሞታል።

"ጋሼ፣ እስኪ ደጁን ይዩልኝ። መጣች?" አልኩ ዓይኔን ሳልነቅል።

"አልመጣችም፣ ልጄ።"

ወንድሜ አንድ ነገር ይል ነበር። "ዋናው ማሽን ላይ ጨለማው አይገድልም፤ በጆሮሽ ነው የምትወጪው።" እኔ ደግሞ ቀደዳህን ተው እለው ነበር። በዚህ ጉዳይ ተኳርፈን እናውቃለን። እባክህ እውነትህን ይሁን።

ጠርሙሱን ዘለልኩት። ፋኖሱ ተርገበገበና ጠፋ፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

ሹፌሩ "በቃ፣ አለቀ" አለ። ጋሼ ወደ ሶኬቱ ጎንበስ አሉ።

"አላለቀም፣ ጋሼ። ያዳምጡ።"

ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ አስጠጉ። ከውስጥ የሰውዬው ኮቴ ይሰማል፤ ከሥሩ ውሃው ይንቦጫረቃል። ጋሼ ቀና አሉ።

ወፍ ሲጮህ አጎነብሳለሁ፤ ውሃው ሲቀርብ ወደ ላይ እገፋለሁ። እያለቀስኩ ነው። የት ጋ ነው የምዘልለው፣ ንገረኝ እንጂ እያልኩ ወንድሜን በልቤ እቆጣዋለሁ። ክንዴ ዝሏል፤ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኛል። ከዚህ በላይ አልችልም።

እናቴ ገባች። የስፌት ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ጥቁሩን ስክሪን አየችና ግድግዳውን ተደገፈች።

"ነቀላችሁት?"

"አልተነቀለም፣ እማዬ። ነይ፣ ይሄን ያዢልኝ።"

እጇን ዱላው ላይ አደረግኩት። ወንድሜ በአውራ ጣቱ እየፈተገ ቀለሙን የላጠው ቦታ አለ፤ ጣቷ ፈልጎ አገኘው።

"እዚህ ጋ ነበር የሚይዘው?"

"እዚሁ ጋ።"

ወደ ላይ ገፋችው። ሰውዬው ሁለት እርምጃ ወጣ። ወፍ ጮኸ፤ ስሞቹ የሚወጡት ጨዋታው ሲያልቅ ነውና ጎንበስ በይ አላልኳትም። ውሃው ዋጠው፣ ስክሪኑም ቦግ አለ። አምስት ስም ተደርድሯል፤ የኔ የለበትም።

"የትኛው ነው?"

"መጨረሻ ላይ ያለው።"

የስሙን ሦስት ፊደላት በከንፈሯ ብቻ አነበበቻቸው። ጋሼ ሶኬቱን እንደጨበጡ እጇን ያያሉ። እናቴ ጨዋታው ማለቁን አላወቀችም፤ የነገራትም የለ። ዱላውን ወደ ላይ እየገፋች ነው።