እግዜር ያጥናሽ

«አልጋው መቶ ዘጠና» እላለሁ ሜትሩን እየጠቀለልኩ። የእህቴ ልጅ ድንቡሼ ምላሷን በከንፈሯ ዳር አውጥታ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። በሩን ለክተናል፣ መስኮቱን ለክተናል፣ አሻንጉሊቷን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ለክተናል። ያልተለካ ነገር እየጠፋ ነው።

ሜትሩ ጠዋት ከስፌት ቤት ስጠራ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ አብሮኝ የመጣ ነው። የያዝኩትን ቀሚስ መርፌው እንደተሰካበት ጥዬ ወጣሁ። ስደርስ ቤቱን ሰው ሞልቶታል፣ እህቴ ግን የለችም።

ባሏ ወደ ቀብር ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። ሹፌር ነው፤ ሌላ ጊዜ ሲያወራ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል፣ ዛሬ ግን በሹክሹክታ ነበር። «ልጅቷ አታውቅም። እናቷ አሁንም ሆስፒታል ያለች ነው የሚመስላት። አንቺ ንገሪያት፣ እኔ አፌ እሺ አላለኝም። ስመለስ አውቃ ትጠብቀኝ።»

እሺ አልኩት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል። ይኸው ሁለት ሰዓት ሙሉ የቤት ዕቃ እለካለሁ።

በሩ ይከፈትና አንዲት ጎረቤት በሳህን ዳቦ ይዛ ትገባለች። ሳህኑን ታስቀምጥና የድንቡሼን ራስ ትዳብሳለች። «እግዜር ያጥናሽ፣ የኔ ልጅ» ትላለች። ዓይኗን በመሀረብ ጠራርጋ ትወጣለች።

ድንቡሼ እርሳሷን ታስቀምጣለች። «አክስቴ፣ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ማን?»

«እግዜር።»

«እግዜር ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

«ሊያስጠናኝ ነዋ። ከጠዋት ጀምሮ የገባ ሰው ሁሉ እግዜር ያጥናሽ ይለኛል። ደግሞ ተሳስተዋል፣ ያስጠናሽ ነው የሚባለው። እማዬ ብትሰማቸው ታርማቸው ነበር።» ትንሽ ታስባለች። «ግን ለምን እሱ ያስጠናኛል? የምታስጠናኝ እማዬ አይደለች?»

ሳቄም እንባዬም እኩል ይመጡብኛል፣ ሁለቱንም እውጣቸዋለሁ። ውድ ጨርቅ ልቆርጥ ስል እጄ እስኪረጋ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ መቀሱ አንዴ ከገባ መመለስ የለም። አሁንም እይዛለሁ።

«እማዬ ከእንግዲህ አታስጠናሽም፣ ድንቡሼ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬም።»

«ነገስ?»

«ነገም። እማዬ ሞታለች። ሆስፒታል የለችም። አትመለስም።»

እንድታለቅስ እጠብቃለሁ። አታለቅስም። የሜትሩን ጫፍ ይዛ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠመጥማለች። ከሳሎን ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ላቅፋት ስጠጋ ትከሻዋ እንጨት ይሆናል፣ እተዋታለሁ። አንድ አልጋ ላይ ተቀምጠን እሷም ብቻዋን ናት፣ እኔም ብቻዬን ነኝ።

«ታዲያ ማን ያስጠናኛል?» ትላለች ሜትሩን ከጣቷ እየፈታች።

«እኔ።»

«አንቺ ማንበብ አትችይም።» በክፋት አይደለም የምትለው። «እማዬ ነግራኛለች። ለማንም አላወራሁም።»

እውነቷን ነው። እህቴ ትምህርት ቤት ስትገባ እኔ ስፌት ቤት ገባሁ። ቁጥር አውቃለሁ፣ ሜትር አነባለሁ፤ ከፊደል ጋር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደተኳረፍን ነን። ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ ፈርሚ ስባል፣ መድኃኒት ሲታዘዝልኝ እሷ ጋ ነበር የምሮጠው። አንድም ቀን ሳትሰለች ታነብልኝ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የሚያነብልኝ ሰው እንደሌለ እስከዚች ደቂቃ ድረስ አላሰብኩትም።

ድንቡሼ ደብተሩን ጭኔ ላይ ታደርገዋለች። «እሺ፣ ታይቷል ብለሽ ጻፊበት። ታይቷል ካልተባለ ቲቸር ትቆጣለች።»

ወደ ኋላ እየገለጠች ታሳየኛለች። በየገጹ ግርጌ የእህቴ ጽሕፈት አለ፣ ያችው አንድ ቃል። የፊተኞቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ያህል ቀጥ ያሉ ናቸው። ከታመመች ወዲህ ያሉት ይንሻፈፋሉ። ባለፈው ሐሙስ አልጋዋ ላይ ሆና የጻፈችው ከመስመሩ ወርዶ ከገጹ ሊወድቅ ደርሷል። ከሱ ፊት ለፊት ያለው ገጽ የዛሬው ነው፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ አሻንጉሊቷ፣ አልጋው መቶ ዘጠና።

«ከሐሙሱ እያየሽ ገልብጪ። መጀመሪያ ታ። ቀጥሎ ይ። ቷ ትከብዳለች፣ እኔም ብዙ አልችላትም። ቀስ በይ።»

እርሳሱን እንደ መርፌ ነው የያዝኩት። «እንደሱ አይያዝም» ትልና ጣቶቼን አንድ በአንድ ታስተካክላለች። እጇ ይሞቃል።

በሩ ገርበብ ይላል፣ ሌላ ጎረቤት ብቅ ትላለች። «እግዜር ያጥናችሁ።»

«እያጠናን ነው» ትላታለች ድንቡሼ ቀና ሳትል።

ቷ ትንሻፈፍብኛለች። ል ስደርስ ከመስመሩ ወርጃለሁ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ድንቡሼ ደብተሩን ከጭኔ አንስታ ወደ ፊቷ አስጠግታዋለች። የሐሙሱን ታያለች፣ የኔን ታያለች፣ የሐሙሱን ታያለች።

«የእማዬን ይመስላል» ትላለች። አገጯ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።