ከክዳኑ ስር ያለው አረንጓዴ

ከኮክረን ከተማ የገዛሁትን አሮጌ ላንድሮቨር ፓይንሪጅ ሰፈር ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ከጓደኛዬ ከየሺዋስ ጋር እናድሳለን። ግዛው ብሎ የገፋፋኝ እሱ ነው። «መኪናውን ታውቀዋለህ እንዴ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ማርያምን፣ አይቼው አላውቅም» አለኝ።

የሞተሩን የፋብሪካ ቀለም ለማመሳሰል ሙቀትና ዘይት ያልነካው ቦታ መፈለግ ነበረብን። ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ሳይፈታ የዛገውን ብሎን ፈትቼ የሞተሩን የጎን ክዳን አነሳሁ። ስሩ ባለው ፈዛዛ አረንጓዴ ላይ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ያረፈ የአውራ ጣት አሻራ አለ። መሃሉን ጠባሳ ይሰነጥቀዋል።

ጠባሳውን አውቀዋለሁ። ባለፈው ዊንተር የየሺዋስን አውራ ጣት መጋዝ ሲቆርጠው ኢመርጀንሲ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

«ማርያምን ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

«ሶሪ፣ የደረቀ መስሎኝ ነው» አለና አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠረገ።

ጨርቁ አረንጓዴ ሆነ። እኛ ቀለም ገና አልገዛንም።