ከዶንጎሎ ወዲያ

«ከአስመራ ወደ ምፅዋ ተነሣን። ከዚያስ?»

ለተንጉሥ እርሳሷን ቀስራ ባሏን ታፋጥጠዋለች። ዑቅባይ ባኒ ዳቦውን ሻሂ ውስጥ ነከር ያደርጋል።

«ሸግርኒ። አርባሮባ። ነፋሲት። ስንቴ በብስክሌት የተወዳደርኩበትን መንገድ ነው የምትጠይቂኝ? ትራፊክ ፖሊስ ሆነሽ ቀረሽ እኮ!»

«ሐኪሙን ተቆጣ። አእምሮ ሥራ ከፈታ ይዝጋል ያለው እሱ ነው።»

ሐኪሙስ ያለው ሁለት ነገር ነበር፤ አእምሮውም ይሥራ፣ ሰውነቱም ይንቀሳቀስ። እሷ ግን ግማሹን ብቻ ይዛ ተመለሰች። ምን ታድርግ? ባለፈው ወር ጎዳይፍ መታጠፊያው ላይ ከብስክሌቱ ወድቆ፣ ክርኑ ተልጦ፣ ጎረቤት ደግፎ ነው ያመጣላት። በማግስቱ የፊት ጎማውን አስፈትታ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አልጋ ሥር ከተተችው። «ጎማ ጠጋኙ ጋ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲህ አልወደቀም። ተቀምጦ ይውላል። ባለፈው ሳምንት ግን የገዛ ልጃቸውን በሟች እህቱ ስም ጠራት።

«እሺ፣ ከነፋሲትስ?»

«እምባትካላ፣ ጊንዳ፣ ዶንጎሎ...»

ጠረጴዛው ይነቃነቃል። ሻሂው ከብርጭቆው አፍ ዘሎ ጨርቁ ላይ ይፈሳል።

«አንተ ሰውዬ! ምን ያንዘፈዝፍሃል? አርፈህ ተቀመጥ!»

ዑቅባይ አርፎ ይቀመጣል። «ዶንጎሎ...» ይላል። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ይንከራተታል። «ዶንጎሎ...» ድምፁ ይወርዳል። «ጠፋብኝ፣ ለተይ።»

ለተንጉሥ የሚቀጥለውን ከተማ ልትነግረው አፏን ስትከፍት እርሳሷ ተንከባሎ ይወድቃል። ወገቧን ይዛ ጎንበስ ትላለች።

ከጠረጴዛው ሥር ነጠላ ጫማው ወልቋል። ባዶ እግሮቹ እንደገና መዞር ጀምረዋል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፣ ተረከዝ ከፍ፣ ጣት ዝቅ። የሌለ ፔዳል ይመታሉ።

ከላይ ድምፁ ይመጣል። «ማይ አጣል... ዶጋሊ... ምፅዋ! ለተይ፣ ምፅዋ ገባን!»

እርሳሱን ይዛለች፤ ቀና ለማለት ግን አልቻለችም። እነዚህን ባቶች ታውቃቸዋለች። ኮረዳ ሳለች በብስክሌት ከከተማ ሲወጡ ከፊቷ የምታየው እነሱን ብቻ ነበር። «ከጎማዬ አትራቂ፤ ነፋሱን እኔ እሰብርልሻለሁ» ይላት ነበር። ያኔ ቆዳቸው እንደተወጠረ ከበሮ ነበር። አሁን ሟሽሸዋል፤ መንገዱን ግን አልረሱም።

«እታች ምን ያዘሽ? ስግደት ነው?»

«ወገቤ ነው፤ ዝም በል።»

ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ትገባለች። ብርድ ልብሱን ጎትታ፣ ጎማውን አቅፋ ትመለሳለች። ዑቅባይ ጎማውን አይቶ እሷን ያያል።

«የዚህ ጠጋኝ ሱቅ አልጋዬ ሥር ነው እንዴ?»

«ሹራብህን ደርብ። ቁልቁለት የለም። መኪና ካየህ ትወርዳለህ። ደግሞ እኔ ከኋላህ ነኝ።»

«በዚያ የገበያ ቅርጫት በተሸከመ ብስክሌትሽ?»

«በዚያ!»

ጎማውን ሲገጥም ጣቶቹ ማንንም አልጠየቁም።

መንገዱ ላይ እሱ ይቀድማል። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ትከተላለች፤ ስለ እሱ ስትል ታክሲውን ታያለች፣ ውሻውን ታያለች፣ የሚከፈተውን በር ሁሉ ታያለች። ባቶቹ ይዞራሉ። ነፋሱ ከሱ ትከሻ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ያልፋታል።

ድንገት ግራ እጁ መሪውን ይለቃል። «መሪውን ያዝ!» ልትል አየር ትስባለች።

እጁ ግን ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ይዘረጋል። እንደ ድሮው በአንድ ጣቱ አስፋልቱን ያመለክታታል።

ለተንጉሥ ጠምዘዝ ትላለች። ጉድጓዱ ከጎማዋ አጠገብ ያልፋል፤ አላየችውም ነበር።