የእናቱ ማሳ ገለባ

የገለባው ጣውላ ከመጭመቂያው ማሽን ትኩሱን እንደ ወጣ ሠራተኛው ጆሮውን ለጠፈበት። ዛሬ የተጨመቀው ገለባ ከሟች እናቱ ማሳ የመጣ ነው፤ የመጨረሻዋ አዝመራ። ከውስጡ፣ ስንዴ በነፋስ ሲንሿሿ የሚመስል ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ምን ነካህ? ፊትህን ታቃጥላለህ» አለው መጋዝ የያዘው ባልደረባው።

«ዝም በል እስቲ፣ እየሰማሁ ነው።»

«ሲቀዘቅዝ ይንጣጣል፣ ሌላ ምን ይሰማል? ዞር በል፣ ልቁረጠው።»

ድምፁ ግን እየጠራ መጣ። እናቱ ማሳው ዳር ቁጭ ብላ ወፍ ስትጠብቅ እንደምትለው፣ ረጋ ብሎ «እሽ... እሽ...» ይላል። ለባልደረባው ሊነግረው ቀና ሲል፣ የጣሪያው ብረት ላይ ተደርድረው የነበሩት ድንቢጦች በሙሉ ግር ብለው ተነሥተው ወጡ።

ባልደረባው መጋዙን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ይሄንን እኔ አልቆርጥም» አለ።