መደብ የሌለው ቤት

ሮበሌ ወደ ግቢው ሲገባ ወሬው ቆመ።

አክስቱ እትዬ ቡዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አጎቱ ጋሼ ጉርሜሳ አጋሰስ ላይ የጫኑትን ሸራ በጋቢያቸው ለመሸፈን ተጣደፉ። ጋቢው ግን አልበቃም። ሮበሌ የዕድሩን ድንኳን የትም ቢያየው ያውቀዋል።

«ጋሼ፣ ከላፍቶ መቼ መጡ?»

«አሁን ነው። ፈተናው እንዴት ዋለ?»

«የዛሬው ሒሳብ ነበር፤ ደህና ነው። የነገው ነው የሚያስፈራው። እጅና ዓይን የሚመዘንበት ነው ይላሉ። አባዬስ?»

«ደህና ነው» አሉ ጋሼ ጉርሜሳ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

እትዬ ቡዜ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ምን ሆነው ነው እትዬ?»

«ሽንኩርት ነው ልጄ። ምን እሆናለሁ?»

አባቱ አቶ ዋቅጅራ ከሰኔ ጀምሮ ሳንባቸውን ታመው መደብ ላይ ውለው መደብ ላይ ያድሩ ነበር። ሮበሌ ለፈተናው ብሎ ጎፋ አክስቱ ዘንድ ሲመጣ፣ ከመደቡ ሳይነሡ ነበር የመረቁት። «እኔ ያረስኩት ይበቃል» ብለውት ነበር በሳል መሃል። «አንተ ቤት ሥራ። የድሃም ይሁን የመኳንንት፣ ብቻ ሥራ።» የሕንፃ ኮሌጁ የሚቀበለው ጥቂት ልጆችን ነው። አንዴ ተፈትኖ የወደቀ ደግሞ ተመልሶ አይፈተንም።

«ላፍቶ ደርሼ ልምጣ፤ ሳይመሽ እመለሳለሁ።»

«አይሆንም!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«መንገዱ ጭቃ ነው» አሉ ጋሼ ጉርሜሳ። «ወንዙም ሞልቷል። ነገ ስትጨርስ እኔው መጥቼ እወስድሃለሁ።»

ይህን ብለው በዚያው ጭቃ አጋሰሳቸውን እየነዱ ወደ ላፍቶ ሄዱ።

ሲመሻሽ የጎረቤት ሴቶች እየመጡ ሮበሌን አቀፉት። «አይዞህ፣ በርታ» አሉት። እትዬ ተናኘ ጉንጩን ስመው ትክ ብለው አዩትና፣ አልቻል ሲላቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ።

ሮበሌ አገሩን ያውቃል። ሥራ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ጊዜው እስኪደርስ ሁሉም ይስቅለታል፤ ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ በሩ ላይ ይቆማል። አምና የጓደኛው የነጋ እናት ሲሞቱ፣ ነጋ የትምህርት ቤት ፈተናውን እስኪጨርስ ሰፈሩ በሙሉ ደብቆት ነበር። ሮበሌ ራሱ አብሮት ካርታ ተጫውቷል።

በማግስቱ ኮሌጁ በር ላይ አብሮት የሚፈተነው ሰዒድ ጠበቀው።

«ምነው ፊትህ የከሰል ጆንያ መሰለ? ፈታኙ ፈረንጅ ሥዕል ሊያሥለን እንጂ ጥርስ ሊነቅለን አይደለም!»

«አባቴ ሞቷል። ደብቀውኛል።»

የሰዒድ ሳቅ ደረቀ። «ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። ለዚህ ነው ያወቅኩት።»

«እንግዲያ ተፈትነህ ሂድ። እሳቸው የፈለጉት ይህን አይደል?»

«ዛሬ ይቀብሩታል፣ ሰዒድ። የበኩር ልጁ ነኝ።»

ሰዒድ ክንዱን ይዞ አስገባው።

አስተማሪው አቶ አስረስ ሕጉን አነበቡ። «ደወል ሳይደወል የወጣ አይመለስም። ሁለተኛ ፈተና የለም።»

መጀመሪያ ካርቶን ታደላቸው፤ ያለ ሙጫ ደረጃ አጥፈው እንዲያቆሙ። ሮበሌ ከሁሉም ቀድሞ አቆመ። ፈረንጁ ደረጃውን በጣቱ ተጭኖ አየው፤ አልተንቀሳቀሰም። ወደ አቶ አስረስ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ።

ቀጥሎ ሥዕሉ መጣ። «የምታውቁትን አንድ ቤት፣ ጣራውን አንሥታችሁ ከላይ እንደምታዩት ሣሉ» አሉ አቶ አስረስ። «ቤቱን አይቶት የማያውቅ ሰው፣ በጨለማ ቢገባ ዕቃ ሳይመታ መኝታው ጋ እንዲደርስ አድርጋችሁ።»

ሮበሌ አንድ ቤት ብቻ ነበር የሚያውቀው። ክቡን ግድግዳ ሣለ፤ ምሰሶውን፣ የጥጆቹን ጋጣ፣ የውሃውን እንስራ ሣለ። እርሳሱ እንደ ውሃ ፈሰሰለት። ከዚያ በስተቀኝ ወዳለው መደብ ደረሰና ቆመ።

ባዶውን ይሣለው? ወይስ ሰው የተኛበት?

ባዶውን ከሣለው መርዶውን ራሱ ለራሱ የነገረ መሰለው። ብድግ አለ።

«ደወሉ አልተደወለም» አሉ አቶ አስረስ።

«አውቃለሁ።»

ፈረንጁ ወረቀቱን አንሥቶ ብዙ ጊዜ አየውና በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ። አቶ አስረስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ አላየሁም ይልሃል። የቀረህ መኝታው ብቻ ነው። ተቀመጥ ልጄ፤ ጨርሰው። ደጃፉን ረግጠህ ከወጣህ ግን እኔም እሱም አናድንህም።»

ሮበሌ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።

በዝናብ ሮጠ። መካኒሳ ላይ ወንዙን እስከ ወገቡ ገብቶ ተሻገረው። የላፍቶን ዳገት ወጥቶ ቁልቁል ሲያይ፣ ያ የዕድር ድንኳን ከአባቱ ግቢ መሃል ተተክሏል። በቅሎዎች አጥሩ ላይ ታስረዋል። ሰው ግቢውን ሞልቶ ደጅ ድረስ ፈስሷል።

«አባዬ! ሳልደርስልህ! አባዬ!» እያለ ደረቱን እየደቃ ወረደ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ድምፁ አልቆ አፉ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ሰዉ አየውና መንገድ ለቀቀለት።

አቶ ዋቅጅራ አዲስ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ፣ በገዛ እግራቸው ከድንኳኑ ወጡና ለመዳናቸውና ለልጃቸው ፈተና በድብቅ ወደ ጠሯቸው እንግዶች ብርሌያቸውን ከፍ አደረጉ፤ «አላልኳችሁም? ልጄ ፈተናውን ጨርሶ መጣ!»